የአራሃማ ትምህርት ቤት ቅሪት ጉብኝትና የሱናሚ ዝግጁነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በሴንዳይ ከተማ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው የቀድሞው አራሃማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) የደረሰውን ሱናሚ ተቋቁሞ የቆመ ሕንፃ ነው። ዛሬ ጉዳቱ ሳይጠገን ተጠብቆ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ይህ ገጽ ቦታውን ለመጎብኘት የሚያስቡ፣ ወይም ሳይጎበኙትም ቢሆን ስለ ሱናሚ ዝግጁነት ሊማሩበት የሚፈልጉ አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። ሰዓቶቹ የጃፓን ሰዓት ሆነው በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ ፎቆቹ ግን የተቆጠሩት በጃፓን ልማድ ነው፤ ማለትም እኛ ምድር ቤት የምንለው በዚህ ጽሑፍ አንደኛ ፎቅ ነው። «ዓ.ም.» ብቻ ከተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአራሃማ የደረሰው ምን ነበር?

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከቀኑ 8፡46 ላይ ከኦሺካ ልሳነ ምድር በስተ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ጃፓን በመሣሪያ መመዝገብ ከጀመረች ወዲህ ይህን የሚያህል አልታየም፤ መንቀጥቀጡም ለበርካታ ደቂቃዎች አላቋረጠም። አራሃማ በዚያን ጊዜ 800 ያህል አባወራዎችና 2,200 ያህል ነዋሪዎች የነበሩባት ሜዳማ መንደር ስትሆን፣ ትምህርት ቤቷ ከባሕሩ የሚርቀው 700 ሜትር ብቻ ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ተማሪዎች፣ መምህራንና ሸሽተው የመጡ የመንደሩ ሰዎች፣ በድምሩ 320 ያህል ነፍስ፣ በዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የላይኛው ክፍል ተሰበሰቡ።

ውኃው ትምህርት ቤቱ ጋር የደረሰው 9፡55 ገደማ ነው። አንደኛውን ፎቅ ሙሉ በሙሉ ውጦ ሁለተኛውን ፎቅ ገባበት፤ መኪኖችንና ከዳርቻው የነቀላቸውን የጥድ ግንዶች ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሰገሰጋቸው። ሰዎቹ ግን ከውኃው በላይ ነበሩ። በረዶ በሚጥልበት በዚያ ምሽት ሄሊኮፕተሮች ከጣሪያው ላይ ሰዎችን ማንሣት ጀመሩ፤ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት በሙሉ የወጡት መሬት ከተንቀጠቀጠች ከ27 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከሕንፃው ውጭ በነበረው የአራሃማ አካባቢ ከ190 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በመላው ጃፓን በመንቀጥቀጡና በሱናሚው የሞቱት 15,900 ያህል ሲሆኑ፣ እስከ ዛሬ የደረሱበት ያልታወቀ ደግሞ ከ2,500 በላይ ናቸው።

ሱናሚ ከተለመደው የባሕር ማዕበል በምን ይለያል?

ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል የሚያናውጠው የባሕሩን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ ዳርቻውን መትቶም ወዲያው ይመለሳል። ሱናሚ ግን የባሕሩ ወለል ራሱ በድንገት ከፍና ዝቅ ሲል በላዩ ያለው ውኃ ከሥር እስከ ላይ አብሮ በመንቀሳቀሱ የሚፈጠር ነው። በጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ የፓስፊክ የመሬት ንጣፍ ከሰሜን ጃፓን በታች ይሰምጣል። ሁለቱ ንጣፎች ለረጅም ዘመን ተጣብቀው ይቆዩና ውጥረቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ይላቀቃሉ፤ በዚህ ጊዜ የላይኛው ንጣፍ ተስፈንጥሮ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሞገዱ በጥልቁ ውቅያኖስ በሰዓት ከ700 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ፍጥነቱም እየቀነሰ ቁመቱ ይጨምራል።

ስለዚህ ሱናሚን በዓይነ ሕሊናው ለማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የተቆለመመ የውኃ ግድግዳ ከሚያስብ ይልቅ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውን ጎርፍ ቢያስብ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ልዩነቱ የሱናሚው ጎርፍ የሚመጣው ከባሕር መሆኑ፣ ለብዙ ደቂቃዎች ሳያቋርጥ መግፋቱ፣ ከዚያም የወሰደውን ይዞ በተመሳሳይ ኃይል መመለሱና ይህንኑ ደጋግሞ ማድረጉ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ ትልቁ ላይሆን ይችላል። ውኃው ጭቃ፣ እንጨት፣ መኪናና የቤት ፍርስራሽ ስለሚያዝል ከጉልበት በታች፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እንኳ ቢሆን፣ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል።

ሕንፃው ለምን እንዳለ እንዲቆይ ተደረገ?

የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ከአደጋው በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ በመጨረሻም ከአጎራባች ትምህርት ቤት ጋር ተቀላቅሏል። በአካባቢው መኖሪያ ቤት መሥራት ስለተከለከለ ሕንፃው ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ሊመለስ አይችልም ነበር። የሴንዳይ ከተማ አስተዳደር ሊያፈርሰው ሲችል ጠበቀው፤ ከኤፕሪል 30 ቀን 2017 ጀምሮም ለሕዝብ ከፈተው።

ይህ ውሳኔ በሁሉም ቦታ ቀላል አልነበረም። በአደጋው በተጎዱት ከተሞች ሁሉ አንዳንዱ ነዋሪ ፍርስራሹ ቁስሉን ስለሚነካካበት እንዲነሣ ሲጠይቅ፣ ሌላው ከጠፋ ትውልዱ ይረሳል በማለት ይሟገት ነበር፤ በሌሎች ከተሞች በዚህ ክርክር መሃል የፈረሱ ሕንፃዎች አሉ። አራሃማ የተጠበቀበት አንዱ ምክንያት ሰው የዳነበት ሕንፃ መሆኑ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ግን ጎብኚው የሚያየው ታሪክ ግማሽ መሆኑንም ያመለክታል፤ ወደዚህ ነጥብ ከታች እንመለሳለን።

ጎብኚው በውስጡ ምን ያያል?

ከውጭ ሲታይ በሁለተኛው ፎቅ ከፍታ በግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበትን ልክ የሚያሳይ ምልክት አለ። በአንደኛው ፎቅ ኮርኒሱ የተቀደደ፣ ብረቱ የተጣመመና የዛገ መማሪያ ክፍሎች በነበሩበት ሁኔታ ይታያሉ። በየክፍሉ በር ላይ በአደጋው ማግስት የተነሡ ፎቶግራፎች ስለተቀመጡ፣ አሁን ባዶ የሆነው ክፍል ያን ጊዜ በምን ተሞልቶ እንደነበር ማስተያየት ይቻላል። በሁለተኛው ፎቅ በባሕሩ በኩል ያለው የበረንዳ መከለያ ተሰብሯል።

አራተኛው ፎቅ የኤግዚቢሽን ቦታ ነው። የእነዚያን 27 ሰዓታት ሂደት የሚተርክ አጭር ፊልም፣ የነዋሪዎች ምስክርነት፣ ከአደጋው በፊት የነበረችውን መንደር ቤት በቤት የሚያሳይ ሞዴልና 9፡55 ላይ የቆመው የጂምናዚየሙ ሰዓት እዚያ ይገኛሉ። ሞዴሉን ቶሎ አይለፉት። ከጣሪያው ላይ ሆኖ ሜዳውን የሚያይ ሰው ሰፊ ባዶ መሬት፣ ባሕርና ጥቂት የጥድ ዛፎች ብቻ ስለሚታዩት፣ ሞዴሉን አስቀድሞ ካላየ በቀር የጠፋውን መገመት ያቅተዋል። ከትምህርት ቤቱ ወደ ባሕሩ ሲሄዱ የቤቶች መሠረት ብቻ የቀረበት ሌላ የተጠበቀ ቦታ አለ፤ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍና የበር ደፍ ሳይቀር ይታያል።

እዚያ የነበሩት የዳኑት በዕድል ነው ወይስ በዝግጅት?

ሁለቱም አሉበት፤ የዝግጅቱ ድርሻ ግን ከፍተኛ ነው። ሕንፃው አራት ፎቅ ያለው የኮንክሪት ሕንፃ ባይሆን፣ ወይም ውኃው ጥቂት ሜትሮች ቢጨምር፣ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ይህ ዕድል ነው። ሆኖም የት መሄድ እንዳለበት መሬት እየተንቀጠቀጠች ሳለ የተከራከረ አልነበረም። በዚያ ሜዳ ላይ ከዳርቻው ተነሥቶ በእግር ከውኃው ማምለጥ እንደማይቻል፣ ስለዚህም መሄጃው ወደ ላይ እንደሆነ ቀድሞ ታስቦበት ነበር።

አንድ ሌላ ዝርዝር ብዙ ጎብኚዎችን ያስገርማል። ብርድ ልብስና ምግብን የመሳሰሉት የአደጋ ጊዜ ቁሳቁሶች ቀደም ሲል የሚቀመጡት በጂምናዚየሙ ውስጥ ነበር፤ ከሱናሚው በፊት ግን ወደ ዋናው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተወስደው ነበር። ጂምናዚየሙ በውኃው ተጥለቀለቀ። ቁሳቁሱ እዚያው ቢቀር ኖሮ 320 ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን፣ በረዶ እየጣለ ያለ ብርድ ልብስ ባደሩ ነበር። ይህን የመሰለ እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ኃላፊ መጋዘኑ ፊት ቆሞ «ውኃ ቢመጣ ይህ ዕቃ ምን ይሆናል?» ብሎ እንዲያስብ ብቻ ነው።

ከፍ ያለ ቦታ በሌለበት ሜዳ ሰው ወዴት ይሸሻል?

ከሴንዳይ በስተ ሰሜን ያለው የሳንሪኩ ጠረፍ ተራራማ ነው፤ እዚያ ኮረብታው ቅርብ ስለሆነ ጥያቄው በጊዜ መውጣት ነው። የሴንዳይ ሜዳ ግን ዝርግ ሲሆን፣ ውኃው በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ያለው አማራጭ ወደ ጠንካራና ረጅም ሕንፃ፣ ወይም ወደ ማናቸውም ከፍ ያለ ግንባታ መውጣት ነው። በዚያ ቀን 230 ያህል ሰዎች በአፈር ድልድል ላይ ወደተሠራው የምሥራቅ ሴንዳይ ፈጣን መንገድ በተዳፋቱ ወጥተው ድነዋል። ያ ድልድል ለሱናሚ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ ከኋላው ያለውን መሬት ግን ከብዙ ፍርስራሽ ጠብቋል። ከአደጋው በኋላ ወደዚህ መንገድ መውጫ ደረጃዎች ተሠርተዋል። ወደ ባሕሩ ይበልጥ ቀርቦም ሌላ መንገድ በ6 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ እንደ ሁለተኛ የመከላከያ መስመር ተገንብቷል፤ በሜዳው ላይም ሰው ሠራሽ የመሸሻ ኮረብቶች ቆመዋል።

የመከላከያ ግንቡ በባሕሩ ዳር፣ ጥዱ ከኋላው፣ ከፍ ያለው መንገድ ከዚያ ቀጥሎ፣ መኖሪያው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ይህን አሰላለፍ በአንድ እይታ መከታተል ስለሚቻል፣ በሥዕላዊ መግለጫ ለመረዳት የሚያስቸግረው እዚያ ግልጽ ይሆናል። ከባሕሩ የሚመጣውን ሁሉ የሚያቆም ግንብ ለመሥራት አልታሰበም። እያንዳንዱ መስመር ውኃውን የሚያዳክምና ለሸሺው ደቂቃዎችን የሚገዛ ነው።

አራሃማን ካየሁ ሌላ ቦታ መጨመር ያስፈልገኛል?

አንድ ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው በኢሺኖማኪ ከተማ የሚገኘውን የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅሪት እንዲያይ አጥብቀን እንመክራለን። ሰው የዳነበትን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ፣ ጠንካራ ሕንፃ ካለ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ኦካዋ ከኪታካሚ ወንዝ አፍ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነበር። የከተማው የአደጋ ካርታ ከሱናሚ ቀጠና ውጭ ያደረገው ሲሆን፣ እንዲያውም ለአካባቢው ሰዎች መሸሻ ተብሎ የተመዘገበ ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ልጆቹ በሰላም ወደ ግቢው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄዱ ሳይወሰን ሃምሳ ደቂቃ ያህል እዚያው ቆዩ። ከግቢው ጀርባ ልጆቹ ያውቁት የነበረ ኮረብታ አለ። በመጨረሻ ጉዞ የጀመሩት በወንዙ ድልድይ አጠገብ ወዳለ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነበር፤ ከቀኑ 9፡37 ገደማ ወንዙን ተከትሎ የመጣው ውኃ በመንገድ ላይ ደረሰባቸው። 74 ልጆችና 10 መምህራን ሞቱ ወይም ጠፉ።

ከወላጆቹ የተወሰኑት ከተማውንና ክፍለ ግዛቱን ከሰሱ። የሴንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 የሰጠው፣ በ2019 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናው ፍርድ፣ ጥፋቱን በግቢው ቆመው በነበሩት መምህራን ላይ ብቻ አልጣለም። ትምህርት ቤቱና የትምህርት ቦርዱ ከአደጋው አስቀድመው፣ ገና በተረጋጋው ጊዜ፣ በሱናሚ ወቅት ተማሪዎች የሚሄዱበትን ቦታና መንገድ በመመሪያቸው ውስጥ በግልጽ ሊወስኑ ይገባ ነበር አለ። የአደጋ ካርታውንም ትምህርት ቤቱ ዝም ብሎ መቀበል ሳይሆን መመርመር እንደነበረበት ገለጸ። ይህ ፍርድ በጃፓን ትምህርት ቤቶች የአደጋ ዝግጅት ኃላፊነት ላይ ትልቅ ለውጥ አስከትሏል። አራሃማና ኦካዋ አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ ልዩነታቸው የሰዎቹ ድፍረት ወይም ብልህነት አይደለም፤ በአንደኛው «ወዴት?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ የተመለሰ ሲሆን፣ በሌላኛው ለዚያች ሰዓት የቀረ መሆኑ ነው።

በኦካዋ ጎብኚዎች ወደ ሕንፃው ውስጥ አይገቡም፤ ዙሪያውን ከውጭ ያያሉ፣ በአጠገቡ ያለውንም የመረጃ ማዕከል ይጎበኛሉ። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ጎብኚዎችን እየመሩ የሚተርኩበት ጊዜ አለ። ኮረብታውን በዓይንዎ ለክተው፣ ከግቢው እስከዚያ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ራስዎ ይገምቱ።

የመሸሽ ልምምድ ማድረግ ብቻውን በቂ ነው?

አይደለም፤ ልምምዱ ትክክለኛውን ቦታ ካላስለመደ ይልቁን ሊጎዳ ይችላል። በካማኢሺ ከተማ፣ ኡኖሱማይ በሚባለው ሠፈር፣ ጎን ለጎን የነበሩት የአንደኛ ደረጃና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመንቀጥቀጡ በኋላ አብረው ሮጡ። መጀመሪያ የደረሱበት መሸሻ አጠገብ ገደሉ ሲናድ አይተው ወደሚቀጥለው ከፍታ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከፍታ በመሄዳቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ዳኑ። ለዓመታት የተማሩት፣ ካርታን እንዳያመልኩና በደረሱበት ቦታ እንዳይረኩ ነበር። በዚያው ሠፈር ግን በርካታ ጎልማሶች የሄዱት ወደ አካባቢው የአደጋ መከላከያ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ለሱናሚ የተመደበ መሸሻ አልነበረም፤ ሆኖም ለአረጋውያን ቅርብ በመሆኑ ልምምዱ እዚያ ይደረግ ነበር። ውኃው ሕንፃውን ሞላው፤ ከ100 በላይ ሰዎችም እንደሞቱ ይገመታል። እግር የሚሄደው ወደ ለመደው ቦታ ነውና፣ ለምቾት ተብሎ በተሳሳተ ቦታ የሚደረግ ልምምድ ባይደረግ ይሻላል።

በሳንሪኩ ጠረፍ ከድሮ ጀምሮ «ሱናሚ ቴንዴንኮ» የሚባል ትምህርት አለ፤ እያንዳንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ለየብቻው ወደ ከፍታ ይሩጥ ማለት ነው። ይህ ለብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እናትና ልጅን የሚያለያይ ጭካኔ ይመስላል። የሚሠራው ግን ቤተሰቡ ቀድሞ ከተስማማ ብቻ ነው፦ እናት ልጇ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እንደሚወጣ ካመነች ልትፈልገው ወደ ባሕሩ አትመለስም፤ ልጁም እናቱን ሲጠብቅ አይቀርም። በ2011 ብዙዎች የሞቱት ዘመዶቻቸውን ለማምጣት ወደ ኋላ ሲመለሱ ነው።

ማስጠንቀቂያው የሚነገረው መቼ ነው፤ ሊታመንስ ይችላል?

የጃፓን የሜትዮሮሎጂ ኤጀንሲ የመጀመሪያውን የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ከመንቀጥቀጡ በኋላ በ3 ደቂቃ ገደማ ያወጣል። ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ የሚጠበቀው ከፍታ ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን ከባድ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር ሲሆን የሱናሚ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በታች ሲሆን ማሳሰቢያ ይባላል። ከ2020 ጀምሮ መስማት ለተሳናቸውና ባሕር ውስጥ ላሉ ሰዎች በዳርቻዎች ላይ ቀይና ነጭ አራት ማዕዘን ያለበት ባንዲራ ይውለበለባል።

በ2011 የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በጊዜው፣ 8፡49 ላይ ቢወጣም፣ ከፍታውን አሳንሶ ነበር፤ ሴንዳይ ለምትገኝበት ለሚያጊ ክፍለ ግዛት 6 ሜትር፣ ለአጎራባቾቹ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ነበር ያለው። 9፡14 ላይ ከፍ ተደርጎ ቢታረምም፣ መብራት ስለጠፋ እርማቱ ያልደረሳቸው፣ ወይም የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምተው ግንባችን ይበቃናል ብለው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ በመነሣት ኤጀንሲው በ2013 አሠራሩን ለውጦ፣ የመንቀጥቀጡ መጠን ወዲያው ሊለካ በማይችል ግዙፍ አደጋ ወቅት በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ «ግዙፍ» በሚል ቃል ብቻ እንዲያስታውቅ ወሰነ። በባሕር ዳር ያለ ሰው ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም፤ ጠንካራ ወይም ረጅም መንቀጥቀጥ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ባሕሩ ካልሸሸ ሱናሚ አይመጣም ማለት ነው?

አይደለም። ውኃው አስቀድሞ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ጊዜ አለ፤ ሳይሸሽ በቀጥታ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ያየ ሰው ቆሞ ማየት ሳይሆን መሮጥ አለበት፤ ሳይሸሽ ሲቀር ግን ስጋት የለም ብሎ መደምደም አይገባም።

ከ2011 በፊት በሴንዳይ ሜዳ ይህን የሚያህል ሱናሚ ታይቶ ያውቃል?

አዎን። በ869 ጆጋን በሚባለው ዘመን የደረሰ ታላቅ ሱናሚ በጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ተመራማሪዎችም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሴንዳይ ሜዳ የእርሻ አፈር ሥር ያ ውኃ ከባሕር አምጥቶ የተወውን የአሸዋ ንብርብር ማግኘት ጀምረው ነበር። በ1611ም ሌላ ታላቅ ሱናሚ ነበር። እውቀቱ በሳይንሱ ዘንድ ነበረ፤ ወደ ዕቅድና ወደ ሕዝቡ ግን በጊዜ አልደረሰም። ለማነጻጸር ያህል በሚያኮ ከተማ አኔዮሺ በምትባል መንደር፣ ከ1933ቱ ሱናሚ በኋላ ከዚህ በታች ቤት እንዳይሠራ የሚያዝ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። መንደርተኞቹ ትእዛዙን ስለጠበቁ፣ በ2011 ውኃው ከሐውልቱ በታች ሲቆም ቤቶቹ አልተነኩም።

ወደ አራሃማ እንዴት ይደረሳል፤ ክፍያውስ?

መግቢያው ነጻ ነው። ከቶኪዮ እስከ ሴንዳይ ፈጣኑ ሺንካንሰን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከሴንዳይ ጣቢያ በቶዛይ የምድር ባቡር መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ አራይ ተጉዘው፣ ከዚያ በከተማ አውቶቡስ 15 ደቂቃ ያህል ይሄዳሉ። አውቶቡሱ በየደቂቃው የሚመጣ ስላልሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመው ይመልከቱ። በአራይ ጣቢያ ሕንፃ ውስጥ ራሱ የሴንዳይ 3.11 መታሰቢያ ማዕከል ስለሚገኝ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁበትን ጊዜ እዚያ ማሳለፍ ይቻላል። ቅሪቱ በመደበኛው ጊዜ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ቀኑ 10፡00 ክፍት ሲሆን ሰኞ ይዘጋል፤ ሌሎች የመዝጊያ ቀናትም ስላሉ ከመሄድዎ በፊት የከተማውን መረጃ ያረጋግጡ። ለሕንፃውና ለቤቶቹ መሠረት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይመድቡ። በጃፓን ብርዳማ ወራት የባሕሩ ነፋስ ብርቱ ነው።

ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ምን ዓይነት ሥነ ምግባርስ ይጠበቃል?

የጃፓን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በቡድን ያመጣሉ። አራሃማ ልጆች የዳኑበት ቦታ በመሆኑ፣ ለታዳጊዎች ከኦካዋ ይልቅ ለመጀመሪያ ጉብኝት የተመቸ ነው። ልጁ በፊልሙ ከተረበሸ ይዞ መውጣትና ወደ ጣሪያው መውሰድ ምንም ነውር የለበትም። ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል፤ ሆኖም በተሰበረው ክፍል ፊት እየሳቁ ራስን ማንሣት፣ በቤቶቹ መሠረት ላይ መቀመጥ ወይም ቁራጭ ዕቃ ማንሣት ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደመቀለድ የሚቆጠር ነው። እዚያ የሚያገለግሉት ሠራተኞች ወይም አጠገብዎ የቆሙት ጎብኚዎች በዚያ ቀን ሰው ያጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ባሕር በሌላት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሱናሚ የቅርብ ስጋት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር በባሕር ጠረፍ ይኖራሉ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የተነሣው ሱናሚ የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ በጎረቤታችን ሶማሊያ፣ በተለይ በሃፉን አካባቢ፣ ሰዎችን ገድሏል፤ እዚያ ምንም መንቀጥቀጥ ስላልተሰማ ውኃው የደረሰው ሳይታሰብ ነበር። በኦማን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚሠሩ ወገኖቻችን ከፊታቸው፣ በኢራንና በፓኪስታን ጠረፍ፣ ሁለት የመሬት ንጣፎች የሚገናኙበት የማክራን ስንጥቅ አለ፤ በ1945 የተነሣው ሱናሚ በዚያ ጠረፍ ታሪክ የታወቀ ነው። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻዎች የሱናሚ መሸሻ ምልክቶች ተተክለዋል።

ለጃፓኑ ሁኔታ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለው ስጋት ነው። የካስኬዲያ ስንጥቅ ለመጨረሻ ጊዜ በ1700 ተናግቶ የላከው ሱናሚ ጃፓን ድረስ ደርሶ ተመዝግቧል። ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን የውቅያኖስ ዳርቻ ለመዝናናት የሚሄድ ቤተሰብ በዌስትፖርት የኦኮስታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ሊያይ ይችላል። በ2016 የተከፈተው ይህ ሕንፃ፣ በአሜሪካ ሰዎች ከሱናሚ ወደ ላይ እንዲሸሹበት ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ጣሪያው የተዘጋጀው ተማሪዎችና የአካባቢው ሰዎች እንዲወጡበት ነው። አራሃማ ላይ በአጋጣሚ የተገኘው ጣሪያ እዚህ ሆን ተብሎ ተሠርቷል።

በጉብኝት ላይ ሳለሁ መሬት ቢንቀጠቀጥ ምን ላድርግ?

መንቀጥቀጡ እስኪቆም ራስዎን ከሚወድቅ ነገር ይጠብቁ፤ ከዚያ ስልክዎን ሳይመለከቱ፣ ባሕሩንም ለማየት ሳይሞክሩ ይነሡ። በሕንፃው ውስጥ ከሆኑ የሠራተኞቹን መመሪያ ተከትለው ወደ ላይ ይውጡ። ከቤቶቹ መሠረት ወይም ከዳርቻው አጠገብ ከሆኑ በአቅራቢያ ወዳለው የመሸሻ ኮረብታ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ በእግር ይሂዱ፤ ስለዚህ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር የመሸሻውን ምልክት መፈለግ ይሁን። ብዙ ሰው በመኪና ሲወጣ መንገዱ ስለሚዘጋ፣ መኪና የተከራየ ሰውም በእግር የሚደርስበት ከፍታ ካለ መኪናውን ይተወው። የመጀመሪያው ሞገድ ካለፈ በኋላ ለረሱት ቦርሳ አይውረዱ። ማስጠንቀቂያው በይፋ እስኪነሣ ብዙ ሰዓታት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ በቦርሳዎ ውኃ፣ ሞቅ ያለ ልብስና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ።